የማይነፋ ፊልትሮ

ንጹሕ አየር የሚባለው ነገር የደገኞች ፕሮፓጋንዳ ነው። ደገኛ አንባቢዬ ሆይ፣ ጋዜጣውን ከማጠፍህ በፊት ታገሠኝ፤ ማስረጃ ይዤ ነው የመጣሁት። ማስረጃዬም የገዛ ሳንባዬ ነው... በሁለቱም አገር የኖረ፣ በሁለቱም አገር የተሰቃየ ሳንባ።

እንደምታውቁት የምኖረው መተማ ዮሐንስ ነው። እዚህ አቧራ ማለት ዘመድ ማለት ነው። ሳይጠሩት ይመጣል፤ ከመጣ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ወጥ ውስጥ እጁን ይሰዳል፤ መቼ ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ወደ ድንበሩ የሚተራመሱት ከባድ መኪኖች የሚያስነሡት አለ። ከሱዳን በኩል ግድግዳ ሆኖ ሰማዩን የሚጋርደው፣ ሀቡብ የምንለው አለ። ሰሊጥ ሲራገፍና ሲበጠር የሚነሣው፣ ከሁሉም የረቀቀው ደግሞ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዓይናችን ያያቸዋል፤ አብዛኛውን አፍንጫችን ይይዘዋል፤ ተናፍጠን እንገላገላለን። ሦስተኛው ውስጥ ግን ከጠጉር በብዙ እጅ የቀጠነ፣ ለዓይን የማይታይ ብናኝ አለ። እሱ ማንንም ሳያስፈቅድ አፍንጫን አልፎ፣ ጉሮሮን አልፎ፣ ከሳንባ ጓዳ ገብቶ ይቀመጣል። በዚህ ከተማ ኬላ አቁሞት የማያውቅ ኮንትሮባንዲስት እሱ ብቻ ነው።

ያለፈው ዓመት ሰሊጥ ሲያልቅ፣ ትንፋሼ እያፏጨ ጎንደር ሄድኩ። ዶክተሯ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ጀርባዬን በማዳመጫዋ ለረጅም ጊዜ ካዳመጠች በኋላ ውስጤ ድመት እንዳለ ነገረችኝ። የድመቷ ስም አስም መሆኑን አስከትላ ነገረችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ሆነው ከመጡ ቆላውን ይርሱት። ደጋ ወጥተው ይኖራሉ።»

እኔ የሞት ፍርድ ሰማሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ እንጉዳይ ግን የሰማችው የምሥራች ነው። እንጉዳይ የዳባት ልጅ ናት። መተማ ላይ ኬሚስትሪ ስታስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሃያውንም ዓመት አንድ እግሯ ዳባት ነው። ለእኛ ቤት ደግሞ ደጋ መውጣት ሌላ ትርጉም የለውም፤ አማቴ ቤት መግባት ማለት ነው።

እኔ ከመተማ ወጥቼ መኖር አልችልም። ምክንያቴ የአገር ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ክርክር የሚወድ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ ሰው የሚያልፍበት ከተማ ነው። እዚህ በየቀኑ ከወሎ የመጣ ሠራተኛ፣ ከጎጃም የመጣ ነጋዴ፣ ከሱዳን የተመለሰ ሹፌር አገኛለሁ፤ ሁሉንም በየተራ እከራከራቸዋለሁ፤ ሐሳቤን እንደሰሙ ተሳፍረው ይሄዱልኛል። ዳባት ግን ሁሉም ይተዋወቃል። ማን በምን እንደተረታ ስለሚያስታውሱ፣ እዚያ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ዕድሜ ልኩን እንደተሸነፈ ነው።

ስለዚህ ዶክተሯን ለመንኳት። እሷም አዘነችልኝ መሰለኝ፣ መድኃኒቱ ላይ አንድ ነገር ጨመረችልኝ፦ ፊልትሮው የሚቀያየር ማስክ። ነጠላ ማጣፋትም ሆነ የጨርቅ ማስክ ማድረግ ትልልቁን አቧራ እንደሚያስቀር፣ የረቀቀውን ግን ከሞላ ጎደል እንደሚያሳልፍ አስረዳችኝ። የእንጉዳይ ወንድም ከአዲስ አበባ ላከልን። ፊት ላይ ልክክ የሚል ጎማ ነው፤ ግራና ቀኝ ጉንጩ ላይ ክብ ክብ ፊልትሮ ይገጠምለታል። በጠቅላላው ስድስት ጥንድ ፊልትሮዎች በየላስቲካቸው ታሽገው አብረው መጡ።

አድርጌው ገበያ የወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። ከድንበሩ ወዲያ ጦርነት አለ። ወዲህ ደግሞ ጋዜጣ ያነባል የሚባል አንድ ሰው አለ። ያ ሰው አንድ ማለዳ የጎማ ጭንብል ለብሶ ከቤቱ ሲወጣ ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ እናንተው ገምቱ። የባጃጅ ሹፌሩ አቁሞ ምን ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለአቧራ ነው አልኩት፤ አላመነኝም። ጉምሩክ ጋ ስደርስ ሁለት ሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገዋል። አንድ የማውቃቸው ሐጂ ወደ ጓሮ ወስደውኝ፣ የልጆች አባት መሆናቸውን አስታውሰው፣ እውነቱን እንድነግራቸው ለመኑኝ። ስለ ረቂቅ ብናኝ አስረዳኋቸው። ረቂቅ የምትለዋ ቃል ጭራሽ አስደነገጠቻቸው።

ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። ድመቷ ድምፅ አጥፍታ ተኛች። ከዚያ ነጩ ፊልትሮ ጠቆረ፤ መተንፈስም ከበደኝ፤ ዳገት የምወጣ ይመስል አየሩን መሳብ ጀመርኩ። አብሮ የመጣው ወረቀት እንዲህ ሲሆን አውጥታችሁ ጣሉትና አዲስ ግጠሙ ይላል... ይላል አሉ። እኔ አላነበብኩትም። በሕይወቴ ያላነበብኩት ነገር ቢኖር የዕቃ መመሪያ ነው። ደግሞስ እንዲጣል ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ያናድደኛል። አንድ ነገር ሥራውን በደንብ ስለሠራ ይጣላል? በዚህ ሒሳብ ጡረተኛ ሁሉ ሊጣል ነው።

እዚህ ላይ ያሳሳተኝ ስስት ነው እንዳትሉ። ያሳሳተኝ አማርኛ ነው። በአማርኛ ጎማ ይነፋል፤ ዱቄትም ይነፋል። አየር ማስገባትና ገለባ ማስወጣት በአንድ ቃል የሚሠሩበት ቋንቋ ነው የተሰጠን። ወንፊትም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ቆላችን ውስጥ ደግሞ የትራክተር ፊልትሮ ተጥሎ አያውቅም። በአቧራ ሲደፈን ወደ ጋራዥ ይወሰዳል፤ በኮምፕሬሰር ይነፋል፤ ተመልሶ ይገጠማል፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ እንዲሁ ይኖራል። እኔም አሰብኩ፦ ፊልትሮ ፊልትሮ ነው፤ ፊልትሮ ደግሞ ይነፋል።

ጠቋቁረው የወለቁትን ሁለቱን ይዤ ኡስማን ጋራዥ ሄድኩ። ኡስማን ሙያውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ የተማረ መካኒክ ነው። አንዱን ተቀብሎ ገልበጥበጥ አደረገው።

«ጋሼ፣ ይሄ የየትኛው ትራክተር ነው?»

«የእኔ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ መቼ ትራክተር ገዙ?»

የደረቴ መሆኑን ነገርኩት። ፊልትሮውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው፤ በጣቱም ጫን ጫን አደረገው። የሚነፋው የወረቀት ፊልትሮ እንደሆነ፣ ይሄ ግን ጥጥ ጥጥ እንደሚለው፣ እሱ ደግሞ የሞተር እንጂ የሰው እንደማያውቅ ገለጸልኝ። እኔም ሳንባም ሞተር መሆኑን፣ የሞተር ሊቃውንት ሁሉ ሐሳቡን ከሳንባ እንደሰረቁት አስተማርኩት። ክርክሩን አሸነፍኩ። ለነገሩ ኡስማን ሥራ ነበረበት።

ኮምፕሬሰሩን ለቀቀው። የመጀመሪያው ፊልትሮ ከእጁ ተስፈንጥሮ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ግራሶ የተቀባ አክስል ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛውን በፒንሳ ይዞ ነፋው። ከዚያ ሁለቱንም መለሰልኝና «ኸላስ» አለ። በሱዳኖቹ አነጋገር አለቀ ማለት ነው። ያለቀው ምን እንደሆነ ግን አልገለጸልኝም።

ግራሶ በንፋስ አይለቅም። ቤት ወስጄ በዱቄት ሳሙና ለወስኩት፤ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ጓደኛውንም ጨመርኩለት፤ አሸት አሸት አድርጌ ሽቦ ላይ አሰጣኋቸው። የመተማ ፀሐይ በአንድ ሰዓት አደረቀቻቸው። ገጥሜ ስተነፍስ... ወዳጆቼ፣ እንዴት ልንገራችሁ! ማስክ ማድረጌን እስክረሳ ድረስ ቀለለኝ። አየሩ ሲመላለስ ምንም የሚያግደው የለም። ማስኩን የሠራው ድርጅት ስንቱን ሕዝብ እያታለለ እንደሆነ ገረመኝ። ሻይ ቤት ገብቼ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም ንግግር አደረግኩ። አምስቱን ያልተከፈቱ ጥንዶች ለልጅ ልጆቼ ለማውረስ ወሰንኩ።

በዚያው ሳምንት፣ የእኔም ጥቂት ኩንታሎች ያሉበት ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ መበጠር ጀመረ። ማበጠሪያው ሲንቀጠቀጥ ቤቱ ጉም ይለብሳል። ሠራተኞቹ አፋቸውን በፎጣ አስረዋል። እኔ ግን ማሽኑ አፍ ላይ ወንበር አስመጥቼ፣ ማስኬን ግጥም አድርጌ ግማሽ ቀን እንደ ንጉሥ ተቀመጥኩ። አንድ የወሎ ልጅ ወንበሬን ትንሽ ሸሸት እንዳደርጋት በትሕትና ነገረኝ። ስለ ሳይንስ መለስኩለት። ከሰዓት በኋላ ድመቷ ተመለሰች... ግልገሎቿን ሁሉ አስከትላ። ጤና ጣቢያ ሲያደርሱኝ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኗል፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም የምመልሰው ቃል አጣሁ። ሌላ ጭንብል ደፍተው መድኃኒት እያተነኑ ሲሰጡኝ ቆዩና መለሱኝ።

እንጉዳይ በማግስቱ አልጮኸችም። መምህራን ሲቆጡ ሙከራ ነው የሚያሳዩት። ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ጽሑፌ አንዱን ገጽ አንሥታ ብጥስጥስ አደረገችው። የፕላስቲክ ማበጠሪያ አምጥታ ጢሜን ደጋግማ አበጠረችና ማበጠሪያውን ወደ ብጥስጣሹ አስጠጋችው። ወረቀቶቹ እየዘለሉ ተለጠፉበት። ከዚያ ማበጠሪያውን የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክራ አውጥታ እንደገና አስጠጋችው። አንድም ወረቀት አልተነሣም።

«ገባህ?» አለችኝ።

ያልገባኝ መሆኑን ፊቴ ነገራት። ፊልትሮው ወንፊት እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ወንፊት ከቀዳዳው የሚበልጠውን ይይዛል፤ የሚያንሰውን ያሳልፋል። ይህ ግን እንደ ጫካ የተጠላለፈ የቀጭን ክር ንጣፍ ነው። ብናኙ ከክር ክር እየተላተመ መውጫ ሲያጣ ይቀራል። ክሮቹ ደግሞ እንደ ማበጠሪያው ኤሌክትሪክ ስላለባቸው፣ ከመካከላቸው ማለፍ የሚችለውን ረቂቁን ሳይቀር ስበው ይለጥፉታል። እኔ በሳሙና ኤሌክትሪኩን አጥቤ፣ በኮምፕሬሰር ጫካውን መንጥሬ፣ ቀለለኝ ብዬ ተደስቻለሁ።

«ሲከብድህ እየሠራልህ ነበር» አለች። «የቀለለህ በሩ ስለተከፈተ ነው።»

ወረቀቱንም እሷ አነበበችልኝ። ጢም ካለ ጎማው ፊት ላይ ስለማይገጥም አቧራው በጎን በኩል እንደሚገባ ይናገራል። ሃያ ዓመት ያሳደግኩት፣ አሳቢ ያስመሰለኝ ጢሜ በዚያው ቀን ተላጨ። ከዚያ በኋላ እንጉዳይ ሌላ ወረቀት አወጣች፦ የዝውውር ፎርም። ተሞልቷል። እኔ ለአንድ ወር እናቷ ቤት እንድቀመጥ፣ ወሩን ሳላስል ካሳለፍኩ ደጋው ተስማምቶኛል ማለት ስለሆነ ፎርሙን እንደምታስገባ፣ ከዚያ ወዲያ መተማን በካርታ ብቻ እንደማያት ቁርጤን ነገረችኝ።

አዲስ ፊልትሮ ተገጥሞልኝ፣ ፊቴ እንደ እንቁላል ለስልሶ ዳባት ገባሁ። አማቴ እመይቴ ስንዱ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ያላዩትን አገጭ ሲያዩ መጀመሪያ አላወቁኝም። ሲያውቁኝ ደግሞ አዘኑልኝ፤ ቆላው ጠጉሬን የጨረሰው መስሏቸዋል። እመይቴ ስንዱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በአረቄ ነው ልጆች ያሳደጉት። አርባ ዓመት ሙሉ ከጋኑ ሥር እሳት ጠፍቶ አያውቅም። መስኮት የሌለው ጎጆ፣ ግማሽ እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ከጣራው እስከ ጉልበት የተንጠለጠለ ጭስ። የእኔን መኝታ ያዘጋጁልኝ ከእሳቱ አጠገብ ነው፤ ብርዱ እንዳይጎዳኝ።

አሁን ማስረጃዬን ተመልከቱ። ጭስ ማለት ከሰሊጥ ብናኝም የረቀቀ ብናኝ ማለት ነው። ንጹሕ አየር ፍለጋ ሁለት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዤ የገባሁት ከዚያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሳልኩ። አማቴም አልከፋቸውም። ስልክ ይደውሉና ለእንጉዳይ «የቆላው አቧራ እየወጣለት ነው» ይሏታል። ብስል የዳባት ጥቅም፣ ባልስል የዳባት ጥቅም ሆነ።

በአራተኛው ቀን ማስኩን አጠለቅኩት። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ነው ያመንኩበት። ዓይኔ እንባ እያፈሰሰ ደረቴ ግን ጸጥ አለ። ጭሱ ደጅ ቀረ። የማይይዘው ሽታንና ትነትን ብቻ ነው፤ የአረቄው ሽታ እንደልቡ ይገባል። ጭሱን ከልክሎ አረቄውን የሚያሳልፍ ዕቃ የሠራ ሰው ምን ዓይነት አዋቂ ነው አልኩ። ችግሩ ማሳሌን ማቆሜ ነው። ባወለቅኩት ቁጥር ድመቷ ትነሣለች፤ ባጠለቅኩት ቁጥር የዝውውር ፎርሙ ወደ ቢሮው አንድ እርምጃ ይጠጋል። ሳንባዬና መተማ በአንድ ጎማ ላይ ተጣሉ።

አማቴ ደግሞ ማስኩን ጠሉት። ጠጪዎች እየገቡ አንድ ጊዜ ጋኑን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያሉ። አንዱ መለኪያውን ሳይጨርስ ወጣ።

«አንተ ሰው፣ አረቄዬ መርዝ ነው ልትል ነው?» አሉኝ። «ሰው ባለበት ይሄን ልጓም እንዳታደርግብኝ።»

ሰው ባለበት ሳወልቅ፣ ሰው በሌለበት ሳጠልቅ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ወጣ። እኔም ደረቴን ላናፍስ ብዬ ወጥቼ፣ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ ቶሎ ተመለስኩ። ጎጆው ውስጥ ጭሱ እንደ ወትሮው ነው። ከጭሱ መካከል፣ ጋኑ አጠገብ፣ ሁለት ክብ ጉንጭ ያለው ፍጥረት ተቀምጦ እሳት ይቆሰቁሳል። ከላይ ሻሽ፣ ከታች የእኔ ማስክ።

«በሩን ዝጋው» አለኝ ፍጥረቱ፤ ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ዘጋሁት። እመይቴ ስንዱ ማስኩን ወደ አንገታቸው ዝቅ አደረጉ። ሦስተኛ ቀናቸው መሆኑን፣ እኔ ስወጣ እየጠበቁ እንደሚያደርጉት ነገሩኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ተቀምጠው ነበር የሚያስሉት፤ ከትናንት በስቲያ ግን ተኝተው እንዳደሩ ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ። እኔ እኚህን ሴት ሃያ ዓመት ሳውቃቸው፣ ሲያስሉ ጸሎት የሚያደርሱ ነበር የሚመስለኝ።

እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ። ከዚያ የነጋዴ ዓይናቸው ተመለሰ።

«ከወሩ ስንት ቀረህ?»

«አሥራ ሦስት ቀን።»

«ይሄን ትተህልኝ ብትሄድ፣ ለእንጉዳይ ደጋው አልተስማማውም እላታለሁ።»

«ፊልትሮዎቹስ?»

«እነሱንም ጭምር ነው እንጂ። ባዶውን ምን ላደርገው ነው?»

ተስማማን። ሲከብድ መቀየር እንዳለበት፣ ጎማው ፊት ላይ ግጥም ማለት እንዳለበት፣ ለዓይንና ለሽታ እንደማይሆን፣ በሩንም ከፈት ማድረግ እንደሚሻል አስረዳኋቸው። አደራ፣ እንዳይታጠብ፣ እንዳይነፋም አልኳቸው። ወሬው መተማ እንዳልቀረ የገባኝ ሲመልሱልኝ ነው።

«ያጠብከው አንተ፣ የምትመክረው እኔን?»

ስልኩን እዚያው ፊት ለፊቴ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ ሰው እዚህ አይሆንለትም፤ ደጋው አልያዘውም» አሉ። እንጉዳይ የተጠራጠረች መሰለኝ፤ እመይቴ ስንዱ በክርናቸው ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ። ሳልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥሩ ሳል ስዬ አላውቅም። መጨረሻው ላይ ትንሽ ፉጨት ጨመርኩበት።

መተማ ከተመለስኩ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ። ማስኩ ጎንደር መናኸሪያ ጠፋ ተብሏል፤ የእንጉዳይ ወንድም ሌላ ልኳል፤ ፊልትሮውን የምትቀይረው ግን እሷ ናት፤ የተቆለፉበት ሳጥን ቁልፍም ያለው እሷ ዘንድ ነው። ፎርሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። እመይቴ ስንዱ ለስንብት በር ድረስ ሸኝተውኝ አንድ ነገር አስማሉኝ፦ አማቴ በገዛ አረቄያቸው ፊት አፋቸውን ሸፈኑ ብዬ ለማንም እንዳልናገር። ይህ ከተሰማ ጠጪ አይገባላቸውም። መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ እስከዛሬ ለአንድም ሰው አልተናገርኩም፤ መጻፍ ደግሞ መናገር አይደለም። እንጉዳይ ይህን አምድ ማንበብ ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ስለዚህ የዳባት አንባቢዎቼ፣ እለምናችኋለሁ፣ ይህን ጋዜጣ ይዛችሁ አረቄ ቤት አትግቡ።